ከመሄዳቸው በፊት የሚሰሙት ፖድካስት፦ የጋራ ሐሳባችንን እንጨርስ

አስተባባሪ፦
ሰላም እህቶች። ማኅበራችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ለሚሄዱ ልጆች ስለሚያዘጋጀው ፖድካስት ለወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የምናስገባው ሐሳብ እስከ እሑድ ማለቅ አለበት። ረቂቁ «ስለ ዓረብ አገር የሚተርክ ፖድካስት» ይላል። የሚጨመርና የሚወጣ ካለ ጻፉ።

ከሻርጃ የተመለስኩ፦
«ዓረብ አገር» የሚለው ይውጣልኝ። አንድ አገር አይደለም። ሊባኖስ፣ ቤይሩት ሁለት ዓመት ሠርቼ «ሹ በዲክ?» የለመደው ጆሮዬ ኤምሬቶች፣ ሻርጃ ላይ «ሹ ተቢን?» ስባል ምንም አልሰማ አለ። ሁለቱም «ምን ትፈልጊያለሽ?» ማለት ናቸው። ሕጉም እንደዚያው ይለያያል። ሊባኖስ የቤት ሠራተኛን ከሥራ ሕጓ ውጪ አድርጋታለች። የኤምሬቶች የ2022 እ.ኤ.አ. ሕግ ግን በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፣ 8ቱ ሳይቆራረጥ። በሳምንት አንድ ቀን ታርፋለች፣ ፓስፖርቷም በእጇ ይቆያል። የኔ ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ሲቆለፍ ደንቡ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ስለዚህ ለየአገሩ ለየብቻ እንሥራ፤ በኤምሬቶች እንጀምር።

ከኮምቦልቻ፦
እውነትሽን ነው እህቴ። እኔ ግን ከሕጉ በፊት ውሎው ይቅደም እላለሁ። ልጆቹ ስለ ድብደባውም ስለ ሞቱም ሰምተዋል፤ ሰምተውም ይሄዳሉ። ያልሰሙት ተራ ሰኞ እንዴት እንደሚውል ነው። አንዲት ተመላሽ ከንጋት እስከ ሌሊት በራሷ አንደበት ታውራላቸው፤ ልጆች ለትምህርት ቤት ማሰናዳቱን፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን፣ በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ቀላቅላ ትንፋሽ ያጠራትን ቀን። ረመዳንንም ትንገራቸው። እኛ ወሎዎች ረመዳን አዲሳችን አይደለም ብለን እንሄዳለን፤ ለኢፍጣር ምግብ ስንሠራ ውለን፣ ዕቃ ስናጥብ ለሱሁር እንደሚነጋብን ግን ማን ነገረን?

ገንዘብ ያዥ፦
ኢንተርኔት ላይ ብቻ ከተጫነ ገጠር ያሉት አይሰሙትም። በቴሌግራም ይለቀቅ፣ በሚሞሪ ካርድም ይጫንላቸው። ከ15 ደቂቃ አይብለጥ።

ከሻርጃ የተመለስኩ፦
መቼ እንደሚሰሙትም ይጻፍ። ውል ከፈረሙ ወዲያ ምን ያደርጋል? የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 የቪዛውንም የደርሶ መልስ ትኬቱንም ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ይህን የምትሰማው የአባቷ በሬ ተሸጦ ለደላላ ከተከፈለ በኋላ ከሆነ ምን ጠቀምናት? 8ኛ ክፍል ላሉት፣ ከነወላጆቻቸው፣ ይድረስ።

አስተባባሪ፦
እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ማኅበሩ በኤምሬቶች ስላለው የቤት ሠራተኝነት 6 ክፍል ፖድካስት ያዘጋጃል፤ የመጀመሪያው የአንድ ቀን ውሎ ነው። ውል ከመፈረሙ በፊት፣ ከቤተሰብ ጋር እንዲደመጥ በትምህርት ቤትና በቀበሌ ይሰራጫል። የተናጋሪ፣ የአሠሪና የኤጀንሲ ስም አይጠራም።» የቀረን የሰኞውን ውሎ የምታወራ ሰው ናት። ድምፅ ይታወቃልና ማንንም አላስገድድም።

ከኮምቦልቻ፦
የበረኪናው ነገር የደረሰው በኔ ነው። እኔ አወራዋለሁ። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ብንቀዳው ይመቸኛል።