በረኪናውን ከጨው ራሳችን እናምርት ወይስ ዱቄቱን እንጠብቅ?

የደሴዋ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለፈው ሳምንት ክርክራችን ሳይቋጭ ቀረ። የገጠር ጉድጓዶቻችን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ሲያልቅባቸው የክሎሪን ዱቄቱ ከሩቅ እስኪመጣ እንጠብቅ ወይስ በረኪናውን እዚሁ በመብራት እናምርት? እኔ እናምርት ባይ ነኝ። ጨዉ ሩቅ አይደለም፤ አፍዴራ ጎረቤታችን ነው።

ክፍል ውስጥ ሠርተን አይተነዋል። ከአሮጌ የባትሪ ድንጋይ ሁለት የካርቦን ዘንግ አወጣን። ጨው በሟሟበት ብርጭቆ ነክረን ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር አገናኘናቸው። መስኮቱን ከፍተን ነበር። ወዲያው በዘንጎቹ ዙሪያ አረፋ መፍለቅለቅ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ብርጭቆው በረኪና በረኪና ሸተተ። አንዲት ተማሪ ቀይ የጽጌረዳ ቅጠል ጣል አደረገችበት። ዓይናችን እያየ ነጣ። በአንዱ ዘንግ ክሎሪን ይወጣል፣ በሌላው ሃይድሮጅንና ካስቲክ ሶዳ። ክሎሪኑና ሶዳው ሲቀላቀሉ በረኪና ይሆናሉ። ነገሩ ይኸው ነው።

የወረኢሉው የውሃ ባለሙያ፦
እትዬ መምህርት፣ በብርጭቆ መሥራትና ቀበሌ ማጠጣት ለየቅል ናቸው። ኤች ቲ ኤች የሚባለው የክሎሪን ዱቄት ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ይቆያል። መብራት አይጠይቅም። በረኪና ግን ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኘው ጉልበቱ ይደክማል። ደግሞ ማን ይጠግነዋል? እኛ ጋ ሶላር ፓምፕ ተተክሎ ነበር። አንዲት መለዋወጫ ጠፍታ ሁለት በጋ ቆመ። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ ተመለሰች። ይህን አይቼ እንዴት ዝም ልበል?

ጡረተኛው የጤና ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦
ልጄ፣ ሥጋትህ እውነት ነው። ቁጥሩን ግን እየው። 1 ኪሎ ክሎሪን ለማውጣት 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ጨውና 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መብራት ይበቃል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሰዓት ተኩል የሚበላው ማለት ነው። በሊትር 2 ሚሊግራም ብንጨምር 1 ኪሎው 500 ሺህ ሊትር ውሃ ያክማል። 25 ሺህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን! መብራት ሲመጣ እንጀራ እንደምንጋግረው ሁሉ በረኪናውንም ያኔ ማምረት ነው። ለሳምንት የሚሆነውን ብቻ ካመረትን መቼ ይደክማል?

የወረኢሉው፦
አያ፣ በ2014 በጦርነቱ ሰሞን መብራት ጠፍቶ የለም እንዴ?

ጡረተኛው፦
መንገዱም ተዘግቶ ነበር። ዱቄቱስ በየት በኩል ይመጣ ነበር? ለዚህ እኮ ነው በሶላር ይሁን የምለው። ያን ጊዜ ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት እጄ ላይ ነበሩ። ክሎሪን የማገኝበት አልነበረኝም።

የሐይቁ ልጅ፦
ትንሽ አታስቡ እንጂ! ለምን ትልቅ ፋብሪካ አይሆንም? ዓለም ክሎሪንና ካስቲክ ሶዳ የሚያመርተው በዋናነት በዚሁ መንገድ ነው። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅም ሳሙና ሠሪውም ሶዳ ይፈልጋል።

ጡረተኛው፦
እሱን አልደግፍም። ትልቅ ፋብሪካ ክሎሪኑን በጋዝ መልክ ነው የሚይዘው። ካፈተለከ ሳንባ ያቃጥላል። የቦርከና ወንዝ ደግሞ ያለበት ብክለት ይበቃዋል።

የደሴዋ መምህርት፦
እኔም የምለው በጤና ጣቢያና በጉድጓድ ደረጃ ነው። ጥንቃቄው ግን እዚህም አይቀርም። ሃይድሮጅኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ ቤቱ አየር የሚያስወጣ መሆን አለበት። ጨዉም ይጣራ፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም ካለበት ኤሌክትሮዱ (መብራቱን ውሃው ውስጥ የሚያስገባው ዘንግ) ላይ እንደ ጀበና ዝቃጭ ይጋገራል።

የወረኢሉው፦
እሺ፣ ኤሌክትሮዱን አነሳሽው። ለሥራ የሚሆነው ያንቺ የባትሪ ካርቦን አይደለም፤ ካርቦኑ እየተበላ ያልቃል። የተለበጠ ቲታኒየም የሚባል ብረት ነው፣ ከውጭ የሚመጣ። እሱም ከዓመታት በኋላ ይሞታል። ያኔ ማን ይገዛል?

የደሴዋ መምህርት፦
የውሃ ኮሚቴው በየጀሪካኑ ከሚሰበስበው ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይለይለት። ለብቻው ደብተር ይከፈት። ሂሳቡም በየወሩ ለሕዝብ ይነበብ።

የወረኢሉው፦
ይህ በቃለ ጉባኤ ከተጻፈ የእኛን ጉድጓድ መጀመሪያ አድርጉት። እኔው ቆሜ አሠራለሁ። የዱቄቱን በርሜል ግን ከመጋዘን አላስወጣም።