ጥቆማ፦ ለአፋርና ለደቡብ ኦሞ አሸዋ የትኛውን ክሪክ ልግዛ?

ወደ አፋርና ወደ ደቡብ ኦሞ በራሳችሁ መኪና ለመውጣት ስታስቡ የትኛው ክሪክ እንደሚሻል የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። እኔ የምለው ክሪኩን ከመምረጣችሁ በፊት ከስሩ የሚገባውን ጣውላ አዘጋጁ ነው። አስፋልት ዳር ጎማ ለመቀየር የሚበቃ ክሪክ ባዶ አሸዋ ላይ ሲቆም መኪናውን ማንሳቱን ትቶ ራሱ ይሰምጣል። አሰማመጡም ቀጥ ብሎ አይደለም፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ሰው የሚጎዳው ያኔ ነው።

ሒሳቡን እዩት። የተለመደው ትንሽ የሃይድሮሊክ ክሪክ መቀመጫ በግምት 12 በ12 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ቶን ሲጫነው እያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 7 ኪሎ ያህል ይሸከማል። 40 በ40 የሆነ ጠንካራ ጣውላ ከስሩ ካደረጋችሁ ያው ክብደት ወደ 0.6 ኪሎ ይወርዳል። የጣውላው ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ቀጭን ከሆነ መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል። ምናለሽ ተራ ወይም ሰፈራችሁ ያለ ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ከላዩ 6 ሚሊ ላሜራ አስመቱበት። ላሜራው ላይ የክሪኩን መቀመጫ ልክ የሚከብ ቀጭን ብረት ይበየድ፣ እግሩ እንዳይንሸራተት። አንዱ ጠርዝ ላይ ደግሞ ገመድ የሚያስገባ ቀዳዳ አስበሱ፤ ሥራው ሲያልቅ ጣውላው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቀር እጃችሁን ሳታስገቡ ስባችሁ የምታወጡት በእሱ ነው።

ከክሪኮቹ የማስቀድመው ጠርሙስ የሚመስለውን የሃይድሮሊክ ክሪክ ነው። ከ4 እስከ 6 ቶን የሚያነሳ፣ አናቱ እየተፈታ የሚረዝም ይሁን። አብዛኞቹ የላንድክሩዘር 70 መኪኖች ፊትም ኋላም ድፍን አክስል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኝ አንድ ወጥ ብረት፣ ስላላቸው ክሪኩ በቀጥታ አክስሉ ስር ይገባል፣ ጎማውም ወዲያው ከአሸዋው መላቀቅ ይጀምራል። ፓራውልት ወይም ሻንሲ ይዞ የሚያነሳ ክሪክ ግን መጀመሪያ ባሌስትራው ወይም ሞላው እስኪዘረጋ ድረስ ቦዲውን ብቻ ነው የሚያነሳው። ጎማው ሲለቅ መኪናው በጣም ከፍ ብሏል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ይወዛወዛል።

የዚህ ክሪክ ጉድለት ቁመቱ ነው። ተዘግቶም 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን መኪናው እስከ አክስሉ ከሰመጠ ለክሪኩና ለጣውላው ቦታ መቆፈር ግድ ነው። ለዚህ ረጅም እጀታ ያለው አካፋ ያዙ። ሶማሌ ተራ ስትገዙ አዲስም ይሁን ያገለገለ ሳትሞክሩ ብር አትቁጠሩ። በሩ ላይ የቆመ መኪና አንሱበትና አስር ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ በራሱ ጊዜ ዝቅ ካለ ወይም አንገቱ ላይ ዘይት ካላበው ተዉት። መኪና ውስጥም ቆሞ ይታሰር። ተኝቶ የሚጓዝ ዘይት ያፈስሳል፣ አየርም ይገባዋል፣ በሚያስፈልግበት ቀን አይሠራም።

ሃይሊፍት የሚባለው ረጅሙ የአሜሪካ ክሪክ በየጉዞው ፎቶ ላይ መኪና ጀርባ ተሰቅሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው የሚመኘው እሱን ነው። 48 ኢንቹ ወደ 13 ኪሎ ይመዝናል። ብዙ ሳይቆፈር ያነሳል፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን የሚይዘው የብረት ፓራውልት ወይም ከሻንሲ ጋር የተያያዘ ጠንካራ መያዣ ይፈልጋል። ፓራውልታችሁ ፕላስቲክ ከሆነ ገንዘባችሁን ለአካፋና ለጣውላ አውሉት። የብረት ፓራውልት ላላችሁም ቢሆን መጀመሪያ ከተማ ውስጥ፣ ጠንካራ መሬት ላይ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ተለማመዱበት። ይህ ክሪክ አገጭና ክንድ ይሰብራል። ሸክም ላይ እያለ እጀታው ከእጃችሁ ካመለጠ ወደ ላይ ተወርውሮ ይመጣል፤ በተለይ መኪናውን ስታወርዱ። ስለዚህ ወደ ጎን ቁሙ፣ ጭንቅላታችሁ ከእጀታው መንገድ ይውጣ፣ ስታርፉ እጀታው ከምሰሶው ጋር ቀጥ ብሎ ይታሰር። ጥርሶቹ መሐል አሸዋ ሲገባ ስለሚነክስ ብሩሽ አይለያችሁ። አንዳንድ ሹፌሮች መኪናውን በእሱ አንስተው ወደ ጎን በመግፋት ከጎድጓዳው ይጥሉታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ምሰሶው ወዴት እንደሚፈናጠር የሚያውቅ የለም።

በጭስ ማውጫ የሚነፋው ከረጢትም አለ። ለአሸዋ የተመቸ ነው፣ ሰፊ ስለሆነ አይሰምጥም። ለኦሞ ግን የግራር እሾህ፣ ለኤርታሌ መንገድ ደግሞ ስለታም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠላቱ ነው። ማርሚታው የተበሳ አሮጌ መኪና ደግሞ በቅጡ አይነፋውም። ከመኪናው ጋር የመጣችው ተጠምዛዥ ትንሽ ክሪክ ለከተማ ትቆይ።

የትኛውንም ብትገዙ ክሪክ የመጨረሻው መሣሪያ ነው። መኪናው እንደተያዘ ጋዝ መስጠት አቁሙ፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ራሱን ይቀብራል። ተሳፋሪ ይውረድ። ከዚያ ጎማውን አስተንፍሱ፤ ንፋሱ 35 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) የነበረውን ወደ 18 ብታወርዱት ጎማው ይረዝምና አሸዋውን ሰፋ አድርጎ ይረግጣል። ከጎማዎቹ ፊትና ከአክስሉ ስር ያለውን አሸዋ ጥረጉ። ብዙ መኪና እዚህ ላይ ይወጣል፣ ክሪክም አያስፈልገውም።

ካልወጣ ሞተር ጠፍቶ፣ ማርሽ ገብቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ይሠራ። በእጅ ፍሬን ብቻ አትተማመኑ። አንዱ የኋላ ጎማ ሲነሳ መኪናውን የሚይዘው ሌላው ብቻ ነው፤ የድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደር የእጅ ፍሬን ደግሞ ካምቢዮው በኩል ስለሚይዝ አንድ ጎማ ሲነሳ ጨርሶ ሊለቅ ይችላል። መሬት የነኩትን ጎማዎች በድንጋይ ወይም በግንድ ደግፉ። ድንጋይ ከሌለ ስኮርታ ጎማውን አውርዱና ሸጉጡት። ጎማው አንድ ስንዝር ከተነሳ ይበቃል፤ ጉድጓዱን ድንጋይ ወይም ጭራሮ ሙሉት፣ ከላዩ መንጃ ሰሌዳውን፣ ማለትም ጎማው ረግጦት እንዲወጣ አሸዋ ላይ የሚነጠፈውን ሰሌዳ፣ አንጥፉና አውርዱ። ይህ ሁሉ በአካፋና በእግር እየተገፋ ነው የሚሠራው። ክሪክ ላይ ባለ መኪና ስር እጅ አይገባም፣ ጭንቅላት አይገባም፣ «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። ክሪኩ ከስር ወጥቶ ሰው ሁሉ ከጀርባ ሳይርቅ ሞተር አይነሳ፤ ሰሌዳው ወደ ኋላ ተወርውሮ ሰው ይመታል።

ስለ መንጃ ሰሌዳው፦ ማክስትራክስ የተባለው የአውስትራሊያው ፕላስቲክ ጥሩ ነው፤ አምሳያዎቹም ይሠራሉ። ጎማው ከተሽከረከረባቸው ግን የሁሉም ጥርስ ይቀልጣል። በያጅ የሚሠራው ባለ ቀዳዳ ላሜራ ይከብዳል፣ ቢጣመም ግን በመዶሻ ይቃናል። ለኪሳችን እሱን እመክራለሁ።

ጎታች መኪና ማግኘትን በተመለከተ፣ ሰመራና ሎጊያ የጅቡቲ መስመር ላይ ስለሆኑ ከባድ መኪና አይጠፋም፤ ከአስፋልቱ ስትርቁ ግን ያላችሁ አብሯችሁ የመጣው መኪና ነው። በጎታቹ በኩል የጨርቅ ገመድ ከብረት ካቦ ይሻላል። የትኛውም ቢሆን ተጎታች መሳቢያው ኳስ ላይ አይታሰር፤ ኳሱ ተነቅሎ ሰው የገደለበት ጊዜ አለ። ከሻንሲው ጋር የታሰረውን መንጠቆ ፈልጉ። ሎጊያ፣ አርባ ምንጭና ጂንካ ጎሚስታ ስላለ ያስተነፈሳችሁትን የጎማ ንፋስ እዚያ መመለስ ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ስለታም ድንጋይ የምታገኙ ከሆነ ግን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያዙ፤ የተነፈሰ ጎማ ጎኑ ቶሎ ይቆረጣል።

በኦሞ በኩል ቱርሚ አካባቢ ያሉት ደረቅ ወንዞች ለብቻቸው ይታዩ። መኪናው ወንዙ መሐል ከተያዘ ቀድማችሁ የምታዩት ሰማዩን ነው፣ በተለይ በደጋው በኩል። እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ ላይ የዘነበው ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ደመና ከጠቆረ ዕቃና ሰው ወደ ዳር ይውጣ፤ መኪናው ይቆይ።

መኪና ከነሹፌሩ የምትከራዩ ከሆነ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ኋላውን አስከፍቱ። ክሪኩን፣ ጣውላውን፣ አካፋውንና የንፋስ መለኪያውን በዓይናችሁ እዩ፤ ስኮርታው ሁለት ቢሆን ይመረጣል። ለኤርታሌ ደግሞ ስንት መኪና አብሮ እንደሚሄድ ጠይቁ። ብቻውን የሚሄድ መኪና በርካሽ ቢቀርብላችሁም አትሳፈሩ። ሹፌሩን «ጋሼ፣ አሸዋ ሲይዘን መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» በሉት። ጎማ አስተነፍሳለሁ ካለ ተስማሙ፤ ጋዝ ሰጥቼ እወጣለሁ ካለ ሌላ ፈልጉ።