የዩኒየን ስቴሽን ጉብኝት፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለልጆቹ የበጋ እረፍት ጉብኝት የዋሽንግተኑ ባቡር ጣቢያ፣ ዩኒየን ስቴሽን፣ ከባቡር ዋሻው ጋር ተመርጧል። 40 ልጆችና 8 አዋቂዎች ብለን ይዘናል። «ከሲልቨር ስፕሪንግ በሬድ ላይን (በሜትሮው ቀይ መስመር) ደርሶ መመለስ ይበቃል» የሚለውን ሐሳብ ቦርዱ ዘንድ ከመውሰዴ በፊት አስተያየታችሁን ጻፉ።

የታሪክ ክፍል፦ አይበቃም። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣው ሬድ ላይን ምድር ውስጥ የሚገባው ዩኒየን ስቴሽን ሊደርስ ሲል ነው። ዋናው ዋሻ በደቡብ በኩል ያለው ነው። ፈርስት ስትሪት ሥር፣ በካፒቶልና በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መካከል ያልፋል፤ ሁለት ሐዲድ አለው፤ ርዝመቱ ከ1 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ምክንያቱም ለልጆቹ ይነገር። ድሮ ባቡሩ ናሽናል ሞልን (ከካፒቶል ፊት ለፊት የተዘረጋውን ሰፊ መስክ) አቋርጦ ነበር የሚያልፈው፤ ጣቢያውም እዚያው ሞሉ ላይ ነበር (ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1881 የተተኮሰበት ጣቢያ ነው)። ሞሉ ከሐዲድ ነጻ ይሁን ሲባል ዳንኤል በርንሃም ያቀደው አዲሱ ጣቢያ በ1907 ተከፈተ፤ የደቡቡ ባቡር ደግሞ በዋሻው እንዲገባ ተደረገ። ዋሻውን በእግር ማየት አይቻልም፤ ያለው አማራጭ ተሳፍሮ ማለፍ ነው።

የወላጆች ተወካይ፦ ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ቅዳሜ ይሁንልን። በሥራ ቀን ፈቃድ የሚያገኝ ወላጅ ጥቂት ነው።

የጉዞ ክፍል፦ እህቴ፣ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዋሻው ለማለፍ ከደቡብ፣ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ መሳፈር አለብን፤ ከዚያ የሚወስደን ቪአርኢ (የቨርጂኒያ የሠራተኞች ባቡር) ግን ቅዳሜና እሁድ አይሠራም፤ በሥራ ቀንም ቢሆን ጠዋት ወደ ዋሽንግተን፣ ከሰዓት ወደ ቨርጂኒያ ነው። ለቅዳሜ የሚቀረን አምትራክ (የረጅም ርቀት የመንገደኞች ባቡር) ነው። እሱ ደግሞ መቀመጫ በተሸጠ ቁጥር ዋጋው ስለሚንር 48 ቲኬት በመጨረሻው ሳምንት መግዛት አያዋጣም። እኔ የሥራ ቀን ይሁን ባይ ነኝ፤ 8 አዋቂ ካገኘን ይበቃል።

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጆች በሬድ ላይን ጋለሪ ፕሌስ፣ ከዚያ በየሎ ላይን ኪንግ ስትሪት ይወርዳሉ፤ የአሌክሳንድሪያ ባቡር ጣቢያ አጠገቡ ነው። ቪአርኢው ክሪስታል ሲቲን አልፎ፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ላንፋንት ጣቢያ ይቆማል። ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ነው፤ ብዙ ሠራተኛ እዚያ ስለሚወርድ ልጆች ሰው ተከትለው ይወጣሉ። በየበሩ አንድ አዋቂ ይቁም። ዋሻው ከላንፋንት በኋላ ነው።

የቴክኒክ ክፍል፦ በዋሻው የመጣ ባቡር የሚቆመው ታችኛው ደረጃ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ሐዲድ ወደ ሰሜን ይቀጥላል። የላይኛው ግን ማገጃ ላይ ያበቃል። ይህን ልዩነት ካላሳየናቸው የ1953ቱ አደጋ አይገባቸውም። ጃንዋሪ 15 ቀን ከቦስተን የመጣው 173 ቁጥር ባቡር በላይኛው ሐዲድ ገባ። በፉርጎዎቹ መካከል ያለው የፍሬን አየር ቧንቧ መዝጊያ በመዘጋቱ አየሩ ወደ ኋላ አላለፈም፤ ፍሬን የያዙት የፊተኞቹ ብቻ ነበሩ፣ የኋለኞቹ ገፏቸው። ሎኮሞቲቩ ማገጃውን ጥሶ፣ ወለሉን ሰብሮ ምድር ቤት ወደቀ። የሞተ ሰው አልነበረም። የአይዘንሃወር በዓለ ሲመት 5 ቀን ስለቀረው ሎኮሞቲቩን እዚያው ትተው ጊዜያዊ ወለል አነጠፉበት!

የታሪክ ክፍል፦ ትልቁ አዳራሽ ስንደርስ የ1976ቱም ይጨመር። ወለሉን ቆፍረው የፎቶ ማሳያ ጉድጓድ አበጁ፤ በ1978 ተዘጋ፤ ጣቢያው ታድሶ የተከፈተው በ1988 ነው። ሜትሮውም ከታች ሥራ የጀመረው በዚያው በ1976 ነው። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

የወላጆች ተወካይ፦ እሺ፣ የሥራ ቀን ይሁን፤ እኛ 5 ወላጅ እናዋጣለን። መመለሻውስ?

የጉዞ ክፍል፦ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ «ግሌንሞንት» የሚለውን ይሳፈር። አሌክሳንድሪያ የሚመለስ «ሼዲ ግሮቭ» የሚለውን ይዞ ጋለሪ ፕሌስ ይቀይራል። አንድ ስማርትሪፕ (የሜትሮ መክፈያ) ካርድ ሁለት ሰው አያሳልፍም፤ ካርዶቹ ከዋዜማው ገንዘብ ይሞላባቸው።

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ላይ እንዲህ ይገባል፦ በሥራ ቀን፣ ከአሌክሳንድሪያ በቪአርኢ፤ ከታችኛው መድረክ ወደ ላይኛው ሐዲድ ማብቂያ፣ ከዚያ ወደ ትልቁ አዳራሽ፣ መመለሻ በሜትሮ። 3 አዋቂ ይጎድለናል፤ የምትችሉ እስከ ሐሙስ ስማችሁን አስመዝግቡ።