እንግሊዝኛን ዜና እያነበቡ ለመልመድ የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ግራመር ብዙም አይከብደኝም፣ ቃላት ግን ያጥረኛል። ዜና እያነበብኩ ልልመድ ብዬ ነበር፤ ከየት ልጀምር? ዳታ የማይበላ ቢሆን ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቀጥታ ቢቢሲ ወይም ሲኤንኤን ውስጥ አትግባ፣ ቶሎ ትሰለቻለህ። «ኒውስ ኢን ሌቭልስ» የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ አንዱን ዜና በሦስት ደረጃ ይጽፈዋል። የመጀመሪያው በ1,000፣ ሁለተኛው በ2,000፣ ሦስተኛው በ3,000 የተለመዱ ቃላት ነው። አንተ ከሁለተኛው ጀምር። ጽሑፉ አጭር ስለሆነ ዳታም አይጨርስብህም። የአሜሪካ ድምፅ የእንግሊዝኛ መማሪያ ዝግጅትም ጥሩ ነበር፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚነበበው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሥራው ተቋረጠ እንጂ የቆዩትን ብታገኝ አሁንም ያስተምራሉ።

ከአገር ቤት የእኔ ምርጫ ሪፖርተር ነው፣ በሁለቱም ቋንቋ ስለሚታተም። መጀመሪያ አማርኛውን አንብብ፣ ከዚያ ስለዚያው ጉዳይ እንግሊዝኛው ላይ የተጻፈውን ፈልግ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የሆነውን ሁሉ ታውቀዋለህ አይደል? እንግዲያው «ፍሎት» (ምንዛሪውን ለገበያ መልቀቅ) እና «ፓራለል ማርኬት» (ጥቁር ገበያ) የሚሉትን ስታገኝ መዝገበ ቃላት ሳትገልጥ ይገቡሃል። አዲስ ዘመንና ኢትዮጵያን ሄራልድም እንደዚሁ ጎን ለጎን ይነበባሉ። ሄራልድ የስብሰባና የምርቃት ዜና ይበዛዋል፣ ያው ቃል ይመላለስበታል፤ ለጀማሪ ደግሞ የሚፈለገው እሱ ነው። የእንግሊዝኛውን የቢዝነስ ጋዜጣ አዲስ ፎርቹንን ለኋላ አቆየው። ርዕሰ አንቀጹ ለእኔም ይከብደኛል።

ርዕሶቹ ላይ ተጠንቀቅ። «ቱ ኪልድ ኢን ክራሽ» ሲል ሁለት ሰዎች ገደሉ ማለቱ አይደለም፤ «ወር» (were) የሚለውን ረዳት ግስ ጥለውት ነው እንጂ በአደጋ ሁለት ሰዎች ሞቱ ነው። «ጋቨርመንት ቱ ሊፍት ባን» ደግሞ መንግሥት እገዳውን ሊያነሳ ነው። ይህ አጻጻፍ ለርዕስ ብቻ ነው፣ ፈተና ላይ እንዳትጽፈው። ደብተርህ ላይም «ሊፍት» ብለህ ብቻውን አትመዝግብ፤ «ሊፍት ኤ ባን» ብለህ ከነጓደኛው ጻፈው። ቃሉን በአማርኛ ብቻ እየፈታህ አትለፍ፤ የሎንግማን መዝገበ ቃላት ፍቺውን በ2,000 ገደማ ቀላል ቃላት ስለሚሰጥ አንተ አይከብድህም።

የቴሌግራሙን «የዕለቱ 10 ቃላት» ተወው። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያላየኸው ቃል አይቆይም።

ሌላ መልስ፦ በፎርቹን ነገር አልስማማም። ርዕሰ አንቀጹን ይዝለለውና የገበያና የዋጋ ዜናውን ያንብብ፤ አካውንቲንግ ወይም ኢኮኖሚክስ የሚገባ ከሆነ የትምህርቱን ቃላት አስቀድሞ ያገኛቸዋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ያነበብከውን ዜና ዘግተህ በሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፈው፣ ከዚያ ከጋዜጣው ጋር አስተያየው። «በ»ን አንዴ «ኢን»፣ አንዴ «ኦን»፣ አንዴ «አት» የምናደርግበት ቦታ ላይ ነው ሁላችንም የምንሳሳተው፤ እሱን ደግሞ በማንበብ ብቻ አታየውም።