የቤት ኤሲ ጥገና፦ «ኮምፕረሰሩ ሞቷል» ተብዬ 3,200 ዶላር ተጠየቅሁ፤ ከመፈረሜ በፊት ምን ልወቅ?

ነዋሪ ከዉድብሪጅ፦

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖርበት ታውንሃውስ ኤሲ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ማቀዝቀዝ አቁሟል። ቴርሞስታቱ ይሠራል፤ ከውስጥም አየር ይወጣል፤ አየሩ ግን ሞቃት ነው። ውጭ ያለው ክፍል እምም የሚል ድምፅ ያሰማል እንጂ በላዩ ያለው ፋን አይዞርም። የጠራሁት ድርጅት የላከው ሠራተኛ ለመምጫ ብቻ 99 ዶላር ተቀብሎ፣ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም በውጭው ክፍል ውስጥ ሆኖ ጋዙን እየጨመቀ የሚያዞረው ሞተር፣ ሞቷል አለኝና ሁለት ዋጋ ጻፈልኝ፤ ኮምፕረሰሩን ለመቀየር 3,200 ዶላር፣ ሙሉውን ሲስተም ለመቀየር ደግሞ 11,400 ዶላር። ዋጋው የሚጸናው እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ነው ብሎኛል። አብረውን የሚኖሩት እናቴ የደም ግፊት ስላለባቸው ሙቀቱን አይችሉትም፤ እኔም በዚሁ ምክንያት ለመፈረም ተቃርቤያለሁ። ቤቱን ከሌላ ሰው የገዛነው በቅርቡ ስለሆነ የዕቃውን ዕድሜም ሆነ ዋስትናውን በተመለከተ የማውቀው ነገር የለም። ሙያው ያላችሁ፣ ወይም ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ፣ እባካችሁ ምክራችሁን ለግሱኝ።

የኤሲ ባለሙያ ከማናሳስ፦

ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ምንም ነገር እንዳይፈርሙ። በመጀመሪያ ለእናትዎ ክፍል በመስኮት የሚገጠም ትንሽ ኤሲ ይግዙ፤ ለአንድ መኝታ ቤት የሚበቃው ሁለት መቶ ዶላር ገደማ ይገኛል። እርሳቸው ከሙቀቱ ከተጠበቁ የዛሬ ማታው ቀነ ገደብ እርስዎን የሚያስጨንቅበት ምክንያት አይኖርም፤ ሻጩ የሚተማመነው በዚያ ጭንቀት ላይ ነውና።

እርስዎ የገለጹት ምልክት፣ ማለትም ውጭ ያለው ክፍል እያጉረመረመ ፋኑ አለመዞሩ፣ በበጋ በየዕለቱ የማየው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ጥፋቱ የካፓሲተር ሆኖ ይገኛል። ካፓሲተር ኮምፕረሰሩና ፋኑ ተነሥተው እንዲዞሩ ጉልበት የሚሰጥ፣ የቆርቆሮ ጣሳ የሚመስል ዕቃ ነው። በጎኑ ላይ ለምሳሌ «45+5 ማይክሮፋራድ» ተብሎ ይጻፋል፤ 45ቱ ለኮምፕረሰሩ፣ 5ቱ ለፋኑ ነው። ብዙዎቹ ካፓሲተሮች የሚፈቀድላቸው ልዩነት ስድስት በመቶ ስለሆነ፣ 45 የተባለው በመልቲሜትር ሲለካ ከ42 በታች ከወረደ መቀየር አለበት። አናቱ አብጦ ከታየማ መለካትም አያስፈልገውም። ዕቃው ራሱ ርካሽ ነው፤ በእኛ አካባቢ ከመምጫውና ከእጅ ዋጋው ጋር ተደምሮ ከ150 እስከ 400 ዶላር ይጠየቅበታል። እርስዎ ግን ሽፋኑን ከፍተው እንዳይነኩት፤ ብሬከሩ (የኤሌክትሪክ ማቋረጫው) ከጠፋ በኋላም ቢሆን የያዘው ኤሌክትሪክ ሰው ይጎዳል።

ኮምፕረሰር ሞቷል የሚል ሰው ደግሞ በቁጥር ማስረዳት ይጠበቅበታል። ሽቦ በሚገባባቸው በሦስቱ የኮምፕረሰሩ ጫፎች መካከል ያለው ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ስንት ነው? ከጫፎቹ አንዱ ከኮምፕረሰሩ አካል ጋር ይገናኛል ወይ? ለመነሣት ሲሞክር ስንት አምፔር ይስባል? ሽቦው ተቃጥሎ አካሉን የነካ ኮምፕረሰር ብሬከሩን ወዲያውኑ የሚጥል ሲሆን፣ የእርስዎ ግን እያጉረመረመ ይቆያል። ሳላየው ደህና ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም ካፓሲተሩ ሳይለካ የተሰጠ የሞት ፍርድ ተቀባይነት የለውም። ሁለተኛ ባለሙያ ይጥሩ፤ የመጀመሪያው ምን እንዳለ ግን አስቀድመው አይንገሩት። የድርጅቱን ፈቃድ የቨርጂኒያ የሙያዎች ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በሆነው በዲፒኦአር ድረ ገጽ ላይ በስም መፈለግ ይቻላል፤ የኤሲውን የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚነካው ሠራተኛም የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኢፒኤ) ሴክሽን 608 የሚባለው ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል።

የቤት ባለቤት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ወንድሜ፣ ከላይ በተባለው ላይ የዋስትናን ነገር ልጨምር፤ እኛ ባለማወቃችን ልንከፍል የነበረው ገንዘብ ቀላል አልነበረም። ውጭ ባለው ክፍል ጎን ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። የሞዴሉን፣ የሲሪያሉንና የጋዙን ዓይነት እዚያው ያገኛሉ፤ ሲሪያሉን በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡ ደግሞ ዋስትናው እስከ መቼ እንደሚጸና ይነገርዎታል። ብዙዎቹ አምራቾች ዕቃው በተገጠመ በ60 ወይም በ90 ቀን ውስጥ ከተመዘገበ 10 ዓመት፣ ካልተመዘገበ 5 ዓመት የዕቃ ዋስትና ይሰጣሉ። ቤቱ ሲሸጥ ዋስትናው ለአዲሱ ባለቤት መተላለፉ በአምራቹ ደንብ ይወሰናልና ደውለው ይጠይቁ። የእጅ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ በዋስትናው አይሸፈንም፤ ስለዚህ ኮምፕረሰሩ በነጻ ቢመጣ እንኳ ለመግጠሚያውና ለጋዙ ከሺህ ዶላር በላይ ሊጠየቁ ይችላሉ። ዋጋው ሲጻፍልዎ የዕቃው፣ የእጁና የጋዙ ለየብቻ ተዘርዝሮ እንዲቀመጥ ይጠይቁ፤ በአንድ ድምር የቀረበ ዋጋ ዋስትናው ይካተት አይካተት አያሳይም።

ነዋሪ ከዉድብሪጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሌላ ባለሙያ መጥቶ ካፓሲተሩን በፊቴ ለካው፤ 45 መሆን የነበረበት 9 ሆኖ ተገኘ። ቀይሮ 260 ዶላር ተቀበለኝ፤ ቤቱም ቀዝቅዟል። ሆኖም ኮምፕረሰሩ የሚስበው አምፔር በሰሌዳው ላይ ለተጻፈው ጣሪያ የቀረበ እንደሆነና ጋዙም ጥቂት እንደሚያንሰው ነግሮኛል። ዕቃው የ13 ዓመት ነው፤ ዋስትናው አልፏል፤ ጋዙ አር 410ኤ ነው። አሁን ጋዝ ላስሞላ ወይስ ገንዘቤን ለአዲስ ሲስተም ልያዝ?

የኤሲ ባለሙያ ከማናሳስ፦

የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ስለሚዞር ካነሰ አንድም ሲገጠም በልኩ አልተሞላም፣ አለዚያም የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። በየክረምቱ መጨረሻ «ትንሽ ጋዝ እንጨምርለት» እየተባሉ ለዓመታት የከፈሉ ወገኖችን አውቃለሁ፤ በጣም የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም የፈሰሰበት ቦታ ሳይገኝ የተሞላ ጋዝ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያፈስበትን ቦታ ያስፈትሹ። መጋጠሚያ ላይ ከሆነ በጥቂት መቶ ዶላር ይበየዳል። በውስጠኛው ኮይል (አየሩን የሚያቀዝቅዘው ጥቅልል ቧንቧ) ላይ ከሆነ ግን ለመቀየር ከሺህ እስከ ሦስት ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ዋስትናው ላለፈና 13 ዓመት ለሞላው ዕቃ ያን ያህል ማውጣትን እኔ አልመክርም።

የጋዙንም ዓይነት ማሰብ ያስፈልጋል። አር 22 የተባለውን የቀድሞ ጋዝ በአሜሪካ ማምረትና ማስገባት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ተከልክሏል፤ የእርስዎ አር 410ኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሕግ መሠረት ምርቱ ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ ነው። ለጥገና አሁንም ይሸጣል፤ እየተወደደ መሄዱ ግን አይቀርም። ከ2025 ጀምሮ የሚመረቱት አዳዲስ ሲስተሞች አር 454ቢ ወይም አር 32 የሚጠቀሙ ሲሆኑ፣ እነዚህ ከአሮጌው ጋር አይቀላቀሉም። ውጭ ያለውን ብቻ በአዲስ ቀይረን የውስጡን እንተወው የሚል ሰው ቢመጣ አይቀበሉት፤ ሁለቱ ተመጣጣኝ ሆነው አብረው መገጠም አለባቸው።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ማፍሰሱ ቀላል ከሆነ አስጠግነው ይህን በጋ ይለፉና፣ ሥራው በሚቀዘቅዝበት በጥቅምትና በኅዳር ወር ከሦስት ድርጅቶች ዋጋ ይቀበሉ። የቤትዎን ስፋት፣ መስኮቶችና ጣሪያ ሳይለካ «ሦስት ቶን ይበቃዎታል» የሚለውን ይለፉት፤ ቶን የኤሲው የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ የግብር ቅናሽ አለ ብሎ ዋጋውን የሚያሳምርልዎ ሰው ቢኖርም፣ 25ሲ የተባለው ቅናሽ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለተገጠመ ዕቃ እንደማይሠራ ይወቁ፤ ከኤሌክትሪክ ኩባንያዎ ቅናሽ መኖሩን ግን ራስዎ ደውለው ይጠይቁ። የካውንቲውን የሜካኒካል ፈቃድ የሚያወጣው ድርጅቱ መሆኑና ዋጋውም በውሉ ውስጥ መካተቱ በጽሑፍ ይስፈር፤ የመጨረሻውን ክፍያ የሚከፍሉትም የካውንቲው ተቆጣጣሪ አይቶ ካሳለፈው በኋላ ይሁን።