ከአንድ ሕንፃ የማይወጣ ታሪክ እንዴት ሳይታፈን ይጻፋል?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦
መቼቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከአንድ ባለ አምስት ፎቅ የኪራይ ሕንፃ የማይወጣ ልብ ወለድ በመጻፍ ላይ ነኝ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሰውን በጊዜ ቤቱ ያስገባዋልና፣ ገጸ ባሕርያቱ በር ዘግተው ቢቀመጡ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም ብዬ ነበር። ይሁንና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ታሪኩ ታፈነብኝ። ወደ ውጭ ላውጣቸው ወይስ በያዝሁት ልጽና?

መልስ፣ ከአንኮበር፦
አያውጧቸው። ታሪኩን ያፈነው የቤቱ ጥበት ሳይሆን በሮቹ ለሁሉም እኩል መከፈታቸው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻቸው እዚሁ አንኮበር ነበርና፣ የቀድሞውን የቤተ መንግሥት ሥርዓት ያስቡ፤ እልፍኝ አስከልካዩ ወደ ንጉሡ የሚያስገባውን በር ይጠብቃል፣ አጋፋሪው በግብር ጊዜ እንግዳውን በየማዕረጉ ያስገባል፣ በጅሮንዱ ግምጃ ቤቱን ይይዛል፣ ንጉሡ ማዕድ ሲቀርቡም መጋረጃ ይጋረዳል። አንድ ሎሌ ከወጥ ቤት ተነሥቶ እልፍኝ እስኪደርስ የሚያልፋቸውን ሰዎች ቢቆጥሩ፣ ያ መንገድ ብቻውን ምዕራፍ ይወጣዋል። በእርስዎ ሕንፃ የጣሪያው ቁልፍ በማን እጅ ነው? ውኃ ሲደክም መጀመሪያ የሚቋረጠውስ ከየትኛው ፎቅ ነው?

መልስ፣ ከደብረ ሲና፦
በበሮቹ ነገር እስማማለሁ፤ ሆኖም ግቢ የብዙ ቤቶች ስብስብ ሲሆን፣ በኪራይ ሕንፃ ግን ባለጠጋውም ድኻውም በአንድ ደረጃ መገናኘታቸው አይቀርም። ግብፃዊው አላ አል አስዋኒ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የያዕቆብያን ሕንፃ» ውስጥ፣ በጣሪያው ላይ ለዕቃ ማስቀመጫ የተሠሩ የብረት ክፍሎች ኋላ የድኾች መኖሪያ ሆነዋል፤ ከታች ባሉት ሰፋፊ ቤቶችና በጣሪያው መካከል ያለው ርቀት የካይሮን ሕይወት በሙሉ ይሸከማል።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
በእኛ ቆላ ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ በረንዳ ላይ ስለሚውል ጎረቤት ይተያያል። በእናንተ ብርድ ግን ጎረቤት የሚታወቀው በድምፅና በጠረን ነው፤ የማን ቤት ቡና እንደተቆላ፣ የማን እግር በሌሊት ደረጃውን እንደወጣ። መብራት የጠፋበትን አንድ ምሽት ይጻፉ፤ ሁሉም ሻማ ይዞ ደረጃው ላይ ይወጣል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጣሪያው ቁልፍ በአከራዩ እጅ ነበር፤ ትናንት ማታ ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖሩት መበለት ሰጠኋቸው፤ ከእርሳቸው ጋር የተኳረፉት የአምስተኛው ፎቅ ባልና ሚስትም ልብስ ለማስጣት በራቸውን ማንኳኳት ግድ ሆነባቸው።