ጥቆማ፦ አዳማ ላይ ለቪላ ቤት ተገጣጣሚ ፓነል ይሻላል ወይስ የፑሚስ ብሎኬት?

ባለ ይዞታ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቪላ ለመሥራት ተዘጋጅቻለሁ። ስሚንቶ ለመቆጠብና ክረምት ሳይገባ ለመጨረስ ስለምፈልግ፣ በሁለት ቀጫጭን ቆርቆሮዎች መካከል ፎም ያለበትን ሳንድዊች ፓነል ከለመድነው የፑሚስ ብሎኬት ጋር እያነጻጸርኩ ነው። የከተማችንን ሙቀት የትኛው ይችለዋል? በፓነል ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

የወንጂ መንገድ፦ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ብሎኬት ማምረቻ ይግዙ። አባቴ ቤታቸውን የሠሩት ከእነርሱ በገዙት ብሎኬት ነው፤ እኔም እንዲሁ። ሌላ ማወዳደር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

አከራይ፦ ወንድሜ፣ ከእኔ ይማሩ። ግቢዬ ውስጥ የሚከራዩ ክፍሎችን በፓነል አሠርቼ ነበር። ገጣጣሚዎቹ የጣሪያውን መጋጠሚያ ክዳን ሳያለብሱ በሲሊኮን ብቻ ደፍነውት ስለሄዱ፣ ሲሊኮኑ ተላቅቆ ሐምሌ ላይ ውኃው በተከራዮቹ አልጋ ላይ ወረደ። ያሠራሁት ድርጅት መጀመሪያ «ሰው እንልካለን» አለ፤ ቀጥሎ ስልክ ማንሳት ተወ።

በረንዳ፦ የትኛው ድርጅት ነው? እኔም ቀብድ ልከፍል ነበር።

አከራይ፦ ስም ማንሳት አልፈልግም፤ ቀብዱን ግን ለጊዜው ይያዙት።

ታዛቢ፦ እንግዲህ የፓነል ጣሪያ ሲያፈስ ጥፋቱ የፓነሉ፣ የብሎኬት ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ደግሞ ጥፋቱ የዝናቡ መሆኑ ነው።

ዶሮ አርቢ፦ እኔ የዶሮ ቤት በፓነል ሠርቼ እጅግ ረክቻለሁ። ሙቀቱ ቀንሶልኛል፤ ለማጠብም ይመቻል። ሰው እንዴት እንደሚኖርበት ግን ዶሮዎቹ አልነገሩኝም።

ሲቪል መሐንዲስ፦ የአከራይ ችግር የገጠማ ችግር ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል፤ ስለዚህ መጋጠሚያው ተደራርቦ በክዳን ካልተሸፈነ ማሸጊያው ብቻውን አይዘልቅም። ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ፎሙ ሙቀት እንዳይገባ በደንብ ይከላከላል፤ በመስኮት የገባው ሙቀት ግን መውጫ ስለሚፈልግ ትይዩ መስኮቶች ያስፈልጉዎታል። ፑሚስም አየር የቋጠረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመሆኑ ከተራው ብሎኬት የተሻለ ሙቀት ይከላከላል፤ በስምጥ ሸለቆው ከቅርብ መገኘቱም ማጓጓዣ ይቀንሳል። ስለ ስሚንቶ ያነሡት ተገቢ ነው፤ ከምርቱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት የሚመጣው ከነዳጁ ሳይሆን የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ከሚለቀው ነውና። ይሁን እንጂ ብረትና ፎምም ያለ ጭስ አይመረቱም፤ የፓነል ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ብዙ ዘመን ሲያገለግል ወይም ተፈትቶ ሌላ ቦታ ሲገጠም ነው።

በነፋስና በእሳት ጉዳይ ግን አልደራደርም። 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩት የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች አዳማ ላይ የተተከሉት በከንቱ አይደለም፤ ቀላል ቤት ከነጣሪያው እስከ መሠረቱ በብሎን መታሰር አለበት። ፎሙ ተቀጣጣይ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦው በቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ አቅም ከፈቀደ በፎም ፈንታ በሮክ ዉል፣ ማለትም በማይቀጣጠል የድንጋይ ቃጫ፣ የተሞላውን ፓነል ይምረጡ። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል ሲያናውጠን እንደነበረው ያለ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ደግሞ፣ ክብደቱ ያነሰ ቤት የሚያርፍበት ኃይልም ያንሳል፤ ማያያዣዎቹ እስከጠነከሩ ድረስ።

የወንጂ መንገድ፦ ማብራሪያው ጥሩ ነው። ነገር ግን የእኔ ሰዎች ብሎኬት በ2017ቱ መንቀጥቀጥ አንድም ስንጥቅ አላሳየም።

ታዛቢ፦ የእኔ የጭቃ ቤትም አላሳየም።

ባለ ይዞታ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መሐንዲሱ፣ ወደፊት ፎቅ ለመጨመር ባስብ በፓነሉ ላይ ይቻላል?

ሲቪል መሐንዲስ፦ በፓነል ግድግዳ ላይ ፎቅ አይጫንም፤ ራሱን የቻለ የብረት ወይም የአርማታ ኮለን ያስፈልገዋል። ፎቅ ካሰቡ በኮንዶሚኒየም ግንባታ የተለመደውን፣ ቢሙ አስቀድሞ ተመርቶ በመካከሉ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት የሚደረደርበትን ሶሌታ (የፎቅ ወለል) ያጥኑ። እርሱም ተገጣጣሚ ነው፤ አርማታው እስኪደርቅ የሚይዘውን የእንጨት ፎርምወርክም ይቆጥባል።

በረንዳ፦ ዶሮ አርቢ፣ የእርስዎን የገጠመው ማን ነው? እባክዎ በውስጥ መስመር ይላኩልኝ።